የሰሚሃ ፈረቃ

መስከረም 3

ጠዋት ሱቅ ከፈትኩ። ስክሪናቸው የተሰበረ ሁለት ስልኮች፣ ውሃ የገባበት አንድ። ውሃ የገባበት የዓሣ አጥማጁ ነው። ታንኳ ላይ ሆኖ ሲያወራ ከእጁ አመለጠው፤ ሩዝ ውስጥ ሲያሳድረው ከርሞ ነው ያመጣልኝ። አይድንም አልኩት። ሞክረው አለኝ። እየሞከርኩ ነው።

ኢንሳፍን እናቴ ከኬጂ አመጣቻት። ምሳ ዓሣ ነበር። እሾሁን እየለቀምኩ አጎረስኳት።

ከሰዓት በኋላ ሰሚሃ ደወለች። ከደወለች ሳምንት አልፏት ነበር። ፈረቃ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ስለሚያስረክቡ ለምን ጠፋሽ አይባልም። ከልጇ ጋር ብዙ ሳቁ። ስልኩን ከኢንሳፍ እጅ ስቀበል ከሰሚሃ ኋላ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ሰሚ፣ እየጠበቁን ነው።"

"መጣሁ" አለችው። ከዚያ ለእኔ "አላህ ይጠብቃችሁ" ብላ ዘጋች።

ሰሚ?… እኔ ባሏ እንኳ ሰሚ ብያት አላውቅም።

መስከረም 4

ቀኑን ሙሉ ያ ድምፅ። የማይቸኩል፣ የረጋ። "እየጠበቁን ነው"… እየጠበቁሽ ነው አላለም። እሱንና እሷን።

አብረው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ምን ሊላት ኖሯል? ይህን ለራሴ ስንቴ አልኩት። መልሶ ግን አይገባኝም።

የምጽፈው ለራሴ ነውና እዚህ አልዋሽም። ቅናቱ ትናንት አልጀመረም። ሰሚሃ አየር መከላከያ እዝ ውስጥ መቶ አለቃ ናት። ራዳር ፊት ነው የምትቀመጠው። ያን ወንበር የተመኘሁት ግን እኔ ነበርኩ። ገና ተማሪ ሳለን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ስለ ራዳር የማወራላት እኔ፣ "ይኸ ሁሉ ከየት መጣልህ?" እያለች የምትስቅ እሷ። ደሴ ምልመላ መጣ ሲባል ብቻህን አትሄድም ብላ ተከተለችኝ። እግረ መንገዷን ተመዘገበች።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ምርመራው ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ፤ ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ አሉኝ። የግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ መግል ይዞ ነው የቀረው። በግምት እጄን አነሳሁ። ሐኪሙ አየኝና "አሁን ምንም ድምፅ አላሰማሁህም" አለኝ። በቃ። ይኼው ነው።

እሷ ገባች። እኔ ሐይቅ ከተማ ተመልሼ ስልክ መጠገን ጀመርኩ። ትምህርቷን ስትጨርስ ተጋባን። ሰው ሲያየን ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ዩኒፎርሟን ስትተኩስ ባየሁ ቁጥር ክፍሉን ትቼ እወጣለሁ።

መስከረም 8

ሰማይ ላይ ድምፅ ነበር ጠዋት። ከደመና በላይ ነው፣ አይታይም። ያየነውን አይተናልና እዚህ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ካለበት ቀና ይላል። ሻይ ቤቱ እንዳለ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ኡበይድ፣ ምንድን ነው እሱ?"

እኔ ምን አውቃለሁ? ሚስቴ ነች የምታውቀው። እሷም ብታውቅ አትነግረኝም። አንዴ ብቻ፣ ያኔ አራስ ሳለች፣ የተፈቀደውን ያህል ነገረችኝ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ነጥብ ነው አለች። የወፍ መንጋም ነጥብ ነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመናም፣ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላንም። የትኛው ምን እንደሆነ የምትለየው እሷ ናት። ሚሳኤሉ ጋ ያሉት የእሷን ቃል ነው የሚጠብቁት። ስትናገር ዓይኗ ሲበራ ነበር የማየው። እንዲያ ሆና ስለ እኔ አውርታ ታውቃለች?

"የመንገደኛ ነው፤ ግቡ" አልኳቸው። አምነውኝ ገቡ። ድምፁም ራቀ።

ማታ እናቴ፣ "ሚስትህ ሰማዩን ትጠብቃለች፤ እሷን ማን ይጠብቃታል?" አለችኝ። ለቀልድ ነው። እናቴ ዑምኩልሱም ሰሚሃን እንደ ልጇ ነው የምታያት። እኔ ግን አልሳቅኩም።

መስከረም 13

ደወለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆኗል፣ ደስ ብሏታል። አዲስ መሣሪያ ሊገባ ነው። ለመሣሪያው ከአገር ውጭ የሚሰጥ ኮርስ አለ፤ ዓመት የሚፈጅ። የትኛው አገር እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከእነሱ ክፍል ሁለት ሰው ይሄዳል። ምዘናው ጥቅምት 1 ቀን እዙ ፊት ነው። ሁለት ሰዎች ታጭተዋል፤ የወደቀ በሌላ ይተካል።

"ሌላው ማነው?" አልኳት።

"ዋለ ነው። መቶ አለቃ ዋለ። የኛው አገር ልጅ ነው እኮ፣ የውጫሌ። እናቱ ጥቁር አዝሙዱን የላከችልን።"

ዓመት። ከዋለ ጋር።

ያን ጥቁር አዝሙድ አስታወስኩት። በሐምሌ ለፈቃድ ስትመጣ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። "የሥራ ባልደረባዬ እናት ናት" ብላኝ ነበር። ባልደረባዬ ስትል እኔ ሴት መስላኝ ነበር… ጥሩ አዝሙድ ነው ብዬ አመስግኜ በልቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ ወጣችን ውስጥ ኖሯል ሰውየው።

"ደስ አላለህም?" አለችኝ።

"ደስ ብሎኛል። ኢንሻአላህ ታልፊያለሽ" አልኩ። አፌ ነው ያለው።

መስከረም 15

እናቴ የተረፈውን አዝሙድ ፈልጋ አጣችው። አይጥ ይሆናል አልኳት። የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ ጨርቁ ተፈታና በግቢው ተበተነ። ዶሮዎቹ ለቀሙት።

መስከረም 19

ለግሸን በዓል የሚሄዱ አውቶቡሶች ሲያልፉ ዋሉ። ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነ ከመንገደኛው ብዙ ሰው ገባ። ቻርጀር፣ ማዳመጫ። ጥሩ ሥራ ነበር፣ አልሀምዱሊላህ። ሳልፈልግ ግን ፊታቸውን አያለሁ። የውጫሌ ሰው የትኛው ነው? ምን ይመስላል?

አብዱልሰመድን ጠየቅኩት። ባጃጅ ይነዳል፣ በየሳምንቱ ውጫሌ ይመላለሳል። ልጇ መኮንን የሆነላት እናት ታውቃለህ ወይ አልኩት። ማን ያጣታል፣ ቅመም ሻጯ ስህን ናት አለኝ። ለምን ፈለግካት? ለአዝሙድ አልኩት። እውነቴን ነው፣ በትኜባት የለ።

መስከረም 23

ውጫሌ ደርሼ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት ምን ልሠራ እንደምሄድ ለራሴም አልነገርኩትም። ቤቱን ማየት ነው የፈለግኩት። ያ ድምፅ የወጣበትን ቤት።

ቤቱን አላየሁም። እናቱን ግን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። የዋለ እናት ስህን ገና ከግሸን መመለሷ ነው፤ ፀሐይ ፊቷን ልጦታል፣ እግሯ አብጧል። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ አዝሙድ ትሰፍራለች። አዝሙድ ይስጡኝ አልኳት። እየሰፈረች ስልኳ ጮኸ፤ አነሳችና "ሃሎ፣ ሃሎ" ብላ አስቀመጠችው።

"ልጄ ነው። ይደውላል፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም" አለች።

ምን ይዞኝ እንደሆነ እንጃ… "ይስጡኝ፣ ሙያዬ ነው" አልኳት። የስልኩ ጆሮ ላይ ዱቄትና ቅመም ተጠቅጥቆበታል። በብሩሽና በመርፌ አጸዳሁላት። ይህን ስሠራ እሷ አወራች። የደከማት ሰው እንደሚያወራው፣ ሳልጠይቃት።

አንድ ልጅ ነው ያላት። መኮንን ነው። ለዓመት ወደ ውጭ ሊልኩት ነው። በምን ይሄዳል በምን ይመለሳል ብላ አይደለም ግሸን የወጣችው። ልጇ የሰው ሚስት ወዷል።

"አብራው የምትሠራ ናት። የእስላም ልጅ ናት። ይኸስ ለእኛ አገር ምንም አይደል፣ ስንቱ ተጋብቶ ይኖር የለም? ባል አላት እንጂ። ልጅም አላት። ማርያምን ከልቡ አውጪለት ብዬ ነው ተስዬ የመጣሁት።"

እጄ ቆመ። መርፌው እዚያው ጆሮው ላይ።

"እሷስ?" አልኳት።

"እሷማ ጨዋ ናት አለኝ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር አታናግረውም፤ የላክሁላትን አዝሙድ ብቻ ስለኔ ብላ ተቀበለችው።" ቀና ብላ አየችኝ። "ባሏ ያሳዝነኛል። አላውቀውም፣ ግን ያሳዝነኛል።"

ስልኳን መለስኩላት። ልጇ ጋ ደወለች። የእሱ ድምፅ ነው፣ ያ የረጋ ድምፅ፣ ከዚህ ቆሜ ሰማሁት። ደስታዋን ብታይ። የአዝሙዱን ሂሳብ አልቀበልም አለች። ብለምናት ብለምናት እምቢ አለች፤ እንዲያውም ጨመረችበት። ከየት ነህ ልጄ አለችኝ። ከሐይቅ አልኳት።

መስከረም 24

ከፋሲካ በኋላ ነግሯታል። እሷ በሐምሌ እዚህ ነበረች። አብረን ሐይቁ ዳር ሄደናል፣ ኢንሳፍን ውሃ ውስጥ አቁመናት ስቀናል፣ አንድ አልጋ ላይ አድረናል። አንድ ቃል አልነገረችኝም።

ጨዋ ናት አለች እናቱ። ሰምቻለሁ። ጨዋ ከሆነች ለምን ደበቀችኝ? ሰው ምንም የሌለበትን ነገር ይደብቃል?… አይ። የሥራ ጠባይ ሆኖባት ይሆናል። ሁሉን ነገር መደበቅ ለምዳ።

ሰውየውን ጠልቼው ብገላገል ጥሩ ነበር። እናቱ አስቸገረችኝ።

መስከረም 27

ደወለች። ሌሊት ሌሊት እያጠናች ነው፣ ድምጿ ተዘግቷል። ብጠይቃት ኖሮ ያን ጊዜ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ኡበይድ…"

"ምንም አልሆንኩም አልኩሽ እኮ።"

ዝም አለች። የማይሰማ ጆሮዬ ላይ ስልኩን ብለጥፈው እንኳ ከዚያ የበለጠ ዝምታ አይሆንም ነበር።

መስከረም 29

ዛሬ ያደረግኩትን ልጻፍ።

ለቤተሰብ የተሰጠ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ። ተረኛ መኮንን ነው የሚያነሳው። ኢንሳፍ ስትወለድ፣ ሰሚሃ መውለዷን ለማሳወቅ ብቻ ነው የደወልኩበት። ከቀትር በኋላ ደወልኩ። የመቶ አለቃ ሰሚሃ ባል ነኝ፣ ልጃችን በጠና ታማለች፣ ወደ ደሴ ሆስፒታል ልንወስዳት ነው፣ እናቷ ትድረስላት አልኩ። መኮንኑ ስሟን፣ የልጅቷን ዕድሜ፣ ምን እንዳመማት ጠየቀኝ። ትኩሳት አልኩ። ራሷን ስታለች አልኩ። "አይዞህ ወንድሜ" አለኝ።

ይህን ስናገር ኢንሳፍ ጓሮ ሸንኮራ እያኘከች ትዘፍን ነበር። ድምጿ እንዳይሰማ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

ምዘናው ከነገ ወዲያ ነው።

ያረቢ… ምን አፍ ነው ይኸ? ደውዬ ውሸቴን ነው ማለት እችል ነበር። እስከ መግሪብ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። አልደወልኩም። መጥታ ሳያት ብቻ የሆነ ነገር ይስተካከላል ብዬ አሰብኩ። ምኑ?

መስከረም 30

ከሰዓት በኋላ መጣች። የወታደር ሱሪ፣ ከላይ ሲቪል ጃኬት። በየመንገዱ መኪና እየቀያየረች ሲነጋ ጀምራ ስትጓዝ ነው የዋለችው። ደሴ ሆስፒታል ገብታ ፈልጋናለች፤ ስልኬን ዘግቼው ነበር። ከባጃጁ ዘላ ስትወርድ ኢንሳፍ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ውሃ ሞልታ አሻንጉሊቷን እያጠበች ነበር።

"እማ!" ብላ በእርጥብ እጇ ተጠመጠመችባት።

ሰሚሃ ግንባሯን ዳሰሰች። አንገቷን። ሆዷን። ዓይኗን ገልጣ አየች። ታማ የዳነች ልጅ አይደለችም፤ ያልታመመች ልጅ ናት፤ ታውቃለች። ግን አሁንም ዳሰሰቻት። እናቴ ከማጀት ወጥታ "ማን ታሞ ነው?" አለች። እኔን አየችኝ፣ ሰሚሃን አየች፣ ኢንሳፍን አቅፋ ወደ ጎረቤት ይዛት ሄደች።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳፋው ጠርዝ አጠገብ ቁጭ አለች። ጫማዋን ፈታች።

"ውጫሌ ሄጄ ነበር" አልኳት። "እናቱን አግኝቻታለሁ።"

"እንዲህ ነው ለካ" አለች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ስትመልስ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር አለችኝ። እኔ እዚያ በተቀመጥኩ ቁጥር እዚህ ትቃጠል ነበር፤ አንተን ከመቃጠል ላድን ብዬ ነው፤ ነገሩን የጨረስኩት በአንድ ቃል ነው፤ የጨረስኩትን ምን ብዬ ላምጣልህ? ደግሞ… እዚህ ላይ ቆመች። ደግሞ አንተ የቀናኸው በዋለ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ታውቀዋለህ። ያ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ 'ሥራ እንዴት ነው' ብለኸኝ አታውቅም።"

ዝም ከማለት ብዬ፣ ውሸት መሆኑን አልጠረጠርሽም ወይ አልኳት። ራሴን ላድን ፈልጌ እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽም ቢሆን ጥፋቱን እሷም ትጋራኝ ብዬ።

"ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ከነገርከው መኮንን አፍ ስሰማው ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። መንገዱን ሙሉ ውሸት ነው፣ ውሸት ነው እያልኩ ነው የመጣሁት። ግን ኡበይድ፣ እኔ የምሠራው ምንድን ነው? ውሸት ሊሆን ይችላል ብዬ ብቀመጥ፣ አንድ ቀን እውነት ይሆናል። የልጄ ስም ከተጠራ እነሳለሁ። ውሸቱ ያንተ ነው። መነሳቱ የኔ ነው።"

ተነስታ ገባች። ልብሷን ቀየረች። ኢንሳፍ ስትመለስ ጸጉሯን ሠራችላት። ማታ ሦስታችንም አብረን በላን። ነገ ጠዋት እዚያ ሌላ ሰው እሷ ቦታ ይቀመጣል።

ጥቅምት 2

ትናንት ማለዳ ሄዳለች። አልሸኘኋትም፤ አትምጣ አለችኝ። "ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም ገና" አለች በሩ ላይ። "ገና" ያለችውን ይዤ ዋልኩ።

እናቴ አታናግረኝም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ኢንሳፍን "ለአባትሽ ጨው ስጪው" ትላታለች፣ እኔን ግን አታናግረኝም።

ጥቅምት 5

ሥራ አልያዝልህ አለኝ። የአንዲት ልጅ ስልክ ከፍቼ መዝጋት አቃተኝ።

ሰሚሃ ምን ብላ አስረድታቸው ይሆን? ባሌ ዋሽቶ ነው ብትል ማን ያምናታል፤ ቢያምኗትስ ምን ዓይነት ቤት ነው ያላት ይሏታል። ልጄ ታማ ነበር ብትል ደግሞ እሷም ዋሸች። እሷ አትዋሽም። ታዲያ ምን አለች?

እኔ ሄጄ ካልተናገርኩ ማን ይናገርላታል?

ጥቅምት 8

ሄጄ መጣሁ። ካምፑ ያለበትን ከተማ ስም እዚህም አልጽፈውም፤ ሰሚሃ አደራ ብላኛለች።

በር ላይ ጥበቃዎቹ አላስገቡኝም። ትናንት ጠዋት ደርሼ ዛሬ ነው የተሳካልኝ። አዛዧ ካልፈቀዱ ብለው ነበር፤ አዛዧ ፈቀዱ። ኮሎኔል እየሩስ ይባላሉ። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ በር አጠገብ ባለች የእንግዳ ክፍል ቆመው ነው ያነጋገሩኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጄ አልታመመችም ነበር፣ ሚስቴ አታውቅም፣ ምዘናውን እንድትስት ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ቀንቼ ነው። ይህን "ቀንቼ ነው" የሚለውን ቃል ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

"በተረኛ ስልክ ውሸት መናገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። እሷን ስፈቅድላት በቦታዋ ያልሰለጠነ ልጅ ነው ያስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።"

ራሴን ደፋሁ።

"አንተ ሁለተኛው ነህ" አሉ። "መቶ አለቃ ዋለ በማግስቱ መጥቶ እሷ ሳትመዘን እኔ አልሄድም አለኝ። ሁለት ወንድ ስለ እሷ ሊያወራኝ ይመጣል። እሷ ግን ለምን ቀረሽ ብዬ ስጠይቃት 'ልጄ አልታመመችም፤ የቤት ጉዳይ ነው፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ' ነው ያለችኝ። ስምህን እንኳ አልጠራችም።"

እዚያ ቆሜ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንዱ እፍረት ነው። ሁለተኛውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ዋለ ቀደመኝ ብዬ ቀናሁ። እዚህም ቀደመኝ። እሱ ወንበሩን ሊተውላት መጥቷል፣ እኔ ልነጥቃት ደውያለሁ።

ምንም ቃል አልገቡልኝም። "ሰምቻለሁ፤ ወደ ቤትህ ሂድ" አሉኝ። ሰሚሃ ፈረቃ ላይ ነበረች። አላገኘኋትም፤ ጥሩልኝም አላልኩም።

ስወጣ አንድ መኮንን በሩ ጋ ቆሟል። ገና አፉን ሳይከፍት አወቅኩት። እንዳሰብኩት መልከ መልካም አይደለም። ፊቱ የእናቱ ነው።

"ኡበይድ ነህ አይደል?" አለኝ። "እናቴ የሐይቅ ሰው ስልኬን ሠራልኝ ስትለኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። አልዋሽህም። የነገረችህ ሁሉ እውነት ነው። ከኮርሱ ስንመለስ ሌላ ክፍል እንዲቀይሩኝ ጠይቄያለሁ።"

ልመታው መጥቼ ቢሆን ምንኛ ይቀል ነበር። እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ሁለታችንም እጃችንን የሳብነው ቶሎ ነው።

ጥቅምት 21

ከሰሚሃ ምንም የለም።

ዓሣ አጥማጁ ስልኩ ዳነለት። እኔ አይደለሁም ያዳንኩት፤ እንዴት እንደዳነ አላውቅም።

ኅዳር 6

ደወለች። ዘግይቶ ብቻዋን መዘኗት። ኮሎኔሏ ራሳቸው ተቀምጠው። ለደመወዝ ቅጣትና ለማስጠንቀቂያም ፈርማለች፤ ፈረቃዋን እውነት ባልሆነ ምክንያት በመተዋ። ቅጣቱ የኔ ነበር፤ በእሷ ፋይል ገባ።

"አለፍሽ?" አልኳት።

"አለፍኩ።"

ግቢ ወጥቼ ተነፈስኩ። ደስ ብሎኛል፤ ከአፌ አይደለም። ከዚያ ወዲያው… ሁለቱም ሊሄዱ ነው። ዓመት። ያም አለ። ደስታና ቅናት አንድ ሆድ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ለካ።

"ምን ጠየቁሽ?" አልኳት። የሚነገረውን ያህል ንገሪኝ ብዬ።

አወራችኝ። የሚነገር ትንሽ ነው፣ እሷ ግን ብዙ አወራች። ከመጋባታችን በፊት እኔ ነበርኩ እንዲህ የማወራላት። ቀኝ ጆሮዬ ሞቆ እስኪቃጠል ስልኩን ከላዩ አላነሳሁትም።

ኅዳር 7

እናቴ "ቁርስህን ብላ" አለችኝ። ለእኔ።

ታኅሣሥ 17

ከመሄዷ በፊት ለጥቂት ቀን ፈቃድ መጥታለች። ዛሬ ኢንሳፍን ይዘን ሐይቁ ዳር ዋልን። ነፋስ ነበር፣ ውሃው ይንቀጠቀጣል። ኢንሳፍ እናቷ ለዓመት እንደምትሄድ ተነግሯታል፤ ዓመት ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። "ከነገ ወዲያ ነው የምትመጪው?" ትላታለች። ከነገ ወዲያ፣ ከነገ ወዲያ፣ ብዙ ከነገ ወዲያ አለቻት።

ስለ እሱ አላነሳንም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ኢንሳፍ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ ሰሚሃ ቆም አለች።

"ታምነኛለህ?"

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ይህችን ሴት ከእንግዲህ አልዋሻትም።

"ዛሬ አምንሻለሁ" አልኳት። "ስለ ነገ ግን አላውቅም። ነገ ሲነጋ እንደገና መጀመር ሊኖርብኝ ነው።"

የምትከፋ መስሎኝ ነበር። አልከፋትም። የኢንሳፍን ጫማ ከእግሯ አውልቃ እጇ ላይ ያዘች።

"እንዲያ ከሆነ በየቀኑ ጀምር" አለችኝ።

ታኅሣሥ 21

ሄደች። አስፋልቱ ዳር ድረስ ሸኘናት። እናቴ ዱዓ አደረገችላት፣ እኔ ሻንጣዋን ጫንኩ። ከመኪናው ውስጥ እጇን ስታወዛውዝ ሁለታችንም ወደ ልጃችን ነበር የምናየው።

ጥር 4

ዛሬ ክፉ ቀን ነው የዋልኩት። አሁን ምን እያደረጉ ነው? አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበሉት? እዚያ አገር ብርድ ነው አሉ፤ ኮቱን አውልቆ ቢሰጣት?… ቀን ሙሉ በጭንቅላቴ ፊልም ሠራሁ። አንዱንም አላየሁትም። አንዱንም አላውቀውም።

የአደጋ ጊዜውን ቁጥር ከስልኬ አጥፍቼ በትልቅ ጽሑፍ ለእናቴ ጻፍኩላት። ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጅቷ እውነት ብትታመም እሷ ትደውል።

ጥር 19

ኢንሳፍ አሳለኝ አለች። ትኩሳት ነበራት፣ እውነተኛ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ሽሮፕ ሰጧት። ሌሊቱን ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀየርኩ አደርኩ። ሲነጋ ላብ አላባት፣ በረደላት፣ ገንፎ ጠየቀች።

ለሰሚሃ ማንም አልደወለም። የሚያስፈልግ አልነበረም። ስትደውል እነግራታለሁ፤ ሁሉንም፣ እንዳለ።

የካቲት 2

ሳምንት ሆናት፣ አልደወለችም። የት እንዳለች አላውቅም። ማን አጠገቧ እንደተቀመጠ አውቃለሁ።

ጠዋት ስነሳ ቅናቱ እንደተለመደው ቀድሞኝ ነቅቶ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሰገድኩ፣ ኢንሳፍን ኬጂ አደረስኩ፣ ሱቅ ከፈትኩ።

ዛሬም አመንኳት።